ሙዳይ ውስጥ ያለው ቁጥር

የዘንድሮውን ቅዱስ ዮሐንስ ያከበርነው በካፊያ ነው። ክረምቱ አልወጣም ብሎ መስከረምን ከነጭቃው ተቀበልነው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በየዛፉና በየጃንጥላው ሥር ተጠጋግቶ እንደቆመ፣ መሪጌታው ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ሆነው የዓመቱን አዋጅ ማሰማት ጀመሩ። ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ መሆኑን ተናገሩ። ቀጥለው «አበቅቴ ስድስት» አሉና ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ቆም አሉ። ይኼኔ ከሴቶች ወገን፣ ጥርት ባለ የአሮጊት ድምፅ፣ «መጥቅዕ ሃያ አራት» የሚል ተሰማ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፦ አበቅቴና መጥቅዕ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የዓመቱን ጾምና በዓል የሚያወጡባቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ሲደመሩ ግን ሁልጊዜ ሠላሳ ናቸው። እንግዲህ አንዱን የሰማ ሌላውን ማወቁ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው መሪጌታን ቀድሞ መናገሩ ነው።

መሪጌታው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ተመለከቱ። ወጣቶቹ ሳቁ። ጎኔ የቆመ ሰውዬ «ማናት እቴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ግን ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። እኅቴ አትጠገብ ናት። ሰባውን አልፋ እንኳ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መታገሥ አልቻለችም። ዞር ስል አንገቷን በሰው ትከሻ መካከል አስግጋ ስትፈልገኝ አገኘኋት፤ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ድምፅ ሳታሰማ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ አንዲት ፊደል አለችኝ፦ ሀ።

ቤቴ ደርሼ እርጥብ ጫማዬን ሳወልቅም ብቻዬን እስቅ ነበር። የልጅ ልጆቼ ምን ሆንህ ሲሉኝ ነገሩ ረጅም ነው አልኋቸው። ረጅም አይደለም፤ ግን ካሚዮንና ሽምብራ፣ ታንኳና ቀይ ዶሮ የገቡበት ስለሆነ ቁጭ ብሎ መናገር ያስፈልጋል።

ዘመኑ የጣልያን ነው። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ፤ አትጠገብ አሥር ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ከተማ ለመባል ገና ነበረች። ደብሩ ነበር፤ በደብሩ ዙሪያ የካህናቱ ጎጆዎች፣ ወደ ውኃው ዳር ደግሞ በዓሣና በታንኳ ሥራ የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ብቻ። ጣልያን ከገባ ወዲህ ግን ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ይጮኻል፣ መንገዱን ካሚዮን ያቦነዋል፣ ሬንጅ የተሞላ ፉስቶ፣ የብረት በርሜል፣ በየጥጉ ይከመራል። የደንገሉን ሽታ የሬንጅ ሽታ ይሻማው ጀመር። እናቴ ነፋሱ ከመንገዱ በኩል ሲመጣ በሩን ትዘጋ ነበር።

እኔ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ፣ አጎቴ ቤት ሆኜ ዘመናዊ ትምህርት እማር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኔም እየተደበቅሁ ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናታችን የምትኖረው በአባቷ፣ በአያታችን ግቢ ነው። አያታችን የኔታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ቁጥር፣ የሚያስተምሩ ታላቅ ሊቅ። የፈረንጅ ትምህርት የቀመሰ ጎረምሳ በጣልያን ዓይን እንደማይወደድ ስላወቁ፣ ገና የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍልኝ «ማን ነህ ቢሉህ የእኔ ተማሪ ነኝ በል» አሉኝ። ለማስመሰልም የካኪ ሱሪዬን አስወልቀው ደበሎ፣ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰውን የበግ ቆዳ፣ አለበሱኝ። አዲስ አበባ ላይ ጸጉሬን በውኃ ለጥፌ እሄድ የነበርሁት ሰውዬ፣ ባሕር ዳር ላይ በግ መስዬ ቁጭ አልሁ። አትጠገብ ባየችኝ ቁጥር «ባዕ» ትለኝ ነበር።

አትጠገብን የምታስቸግር ልጅ ነች የማይል አልነበረም። አያቴ ፊደል ሊያስቆጥሯት ሞከሩ። እሳቸው ሀ ሲሉ ሌላው ልጅ ሀ ይላል፤ እሷ ግን «ሀ ለምን ከለ ቀደመች?» ትላለች። ዝም ብለሽ በይ ይሏታል። አንድ ሁለት መስመር ትልና ደግሞ «ለምን?» ትላለች። የኔታ ለብዙ ተማሪ የቃል ትምህርት ያስያዙ ሰው ናቸው፤ በእሷ ላይ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ይህች ልጅ አይይዝላትም» አሉና ተዉዋት። ልጅቷም አይይዝልሽም የተባለችውን አምና ተቀምጣ ነበር፤ ይህ ነው እኔን ያሳዘነኝ።

በዚህ መካከል ከይፋግ ሽማግሌ መጣ። ጎተራቸው የማይጎድል የይፋግ ገበሬዎች ለልጃቸው ጠየቋት። የዚያ ዘመን ነገር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ተድራ አማቷ ቤት ታድጋለች። አያቴ እሺም እምቢም ሳይሉ፣ ከፋሲካ በኋላ ኑ ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። ለእናቴ ግን እንዲህ አሏት፦ «ትምህርት የሚገባት ብትሆን ኖሮ ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም ነበር። ዕውቀት የሚገባው ራስ ከዚህ ቤት አይወጣም። ግን አየናት። ምን ላድርግ?»

የዓቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን እናቴ ሱፍ ስትለቅም አጠገቧ ጠራችኝ። ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ፣

«አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የተማርኸው ነገር ይረባል?» አለችኝ።

«ይረባል እንጂ» አልሁ፤ ትንሽ ቅር ብሎኝ።

«እንግዲያው ለዚች ልጅ አንዱን አስተምርልኝ። አባቴ ያዩትን እንጂ የነገሯቸውን አያምኑም። ራስ እንዳላት ይዩላት። ይፋግ ሩቅ ነው ልጄ፤ ገና ጡቷ እንኳ አላጎጠጎጠም።» ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሱፏን መልቀም ቀጠለች።

ምን ላስተምራት? ፈረንሳይኛ እንዳላስተምራት ጣልያን ቢሰማ ጣጣ ነው። ጂኦግራፊ ካርታ ይፈልጋል። ከተማርሁት ሁሉ ግን ከልቤ የወደድሁት አንድ ነገር ነበረኝ፦ ያልታወቀ ቁጥር ፍለጋ። አስተማሪያችን በሰሌዳው ላይ አንድ የፈረንጅ ፊደል ይጽፍና፣ ይህ ቁጥር ተደብቋል፣ ፈልጉት ይለን ነበር። እኔ ሌባ የምይዝ ያህል ደስ ይለኝ ነበር። «ለምን» ለምትል ልጅ ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብዬ ቆረጥሁ።

ሰሌዳ አልነበረንም። መንገድ ሠሪዎቹ የጣሉትን የፉስቶ ክዳን አነሣሁ፤ ሬንጁ በላዩ ደርቆ ጥቁር ሆኗል። ጣልያን ግንብ ከሚሠራበት አካባቢ የወዳደቀ ኖራ ለቀምሁ። ክዳኑን በጓሯችን ካለው ዋንዛ ግንድ ላይ አስደገፍሁና፣ አትጠገብን ፊት ለፊት አስቀምጬ፣ የፈረንጁን ፊደል በእኛው ፊደል ተክቼ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

ሀ + 5 = 12

«ሀ ያልታወቀች ቁጥር ናት» አልኋት። «ከአምስት ጋር ስትደመር አሥራ ሁለት ትሆናለች። ሀ ስንት ናት?»

«አንድ» አለች፤ ጊዜም አልፈጀባት።

«እንዴት አንድ?»

«ሀ አንድ፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት። ይህን የማያውቅ አለ? አንድና አምስት ስድስት ነው። አሥራ ሁለት ብለህ የጻፍኸው ውሸት ነው፤ አጥፋው።»

ለካስ ነገሩ ወዲህ ነው። በአገራችን ፊደል ሁሉ ቁጥር አለው የሚል ልማድ አለ፤ ኮከብ ቆጣሪዎች የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር ደምረው ዕጣውን የሚናገሩት በዚያ ነው። አያቴ ይህን ሥራ እንደ ኃጢአት ስለሚጠሉት በግቢያችን አይነሣም፤ የሠፈሩ ሴቶች ግን በስውር ይሄዳሉ፣ ልጆችም ይሰማሉ። አትጠገብ ሀ ራሷ አንድ መሆኗን ካመነች፣ የታወቀውን ያልታወቀ ነው ብላ ልትፈልግ አትችልም። ፊደል ብቀይር ይሻላል ብዬ፣ ሳላስበው፣ ሰ + 5 = 12 ብዬ ጻፍሁ። በጣቷ ከሀ ጀምራ ቆጠረች፤ ሰ ሰባተኛ ሆነች። ፊቷ በራ።

«አሁን ገና እውነት ጻፍህ» አለችኝ።

መልሱ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን ገደል ነው። ከዚያ የከፋ ትክክለኛ መልስ በዕድሜዬ ሙሉ አላጋጠመኝም፤ ኋላም ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በሒሳብ አስተማሪነት ነው።

በማግሥቱ ፊደልን እርግፍ አድርጌ ተውሁ። የእናቴን ሙዳይ፣ ጌጧን የምታኖርባትን ክዳን ያላት ትንሽ የስፌት ዕቃ፣ ተዋስሁ። ሁለት ሰፌድ ጎን ለጎን አደረግሁ። በአንዱ ላይ ሽምብራ ቆሎ የያዘውን ሙዳይ ከአምስት ፍሬ ጋር አስቀመጥሁ፤ በሌላው ላይ አሥራ ሁለት ፍሬ። «ሁለቱ ሰፌዶች እኩል ሽምብራ ይዘዋል። ክዳኑን ሳትከፍቺ ሙዳዩ ውስጥ ስንት እንዳለ ንገሪኝ» አልኋት። ሙዳዩን አንሥታ ጆሮዋ ሥር አንቀጨቀጨችውና «ሰባት ሳይሆን አይቀርም» አለች። ማንቀጭቀጭ ክልክል ነው ብዬ ሕግ አወጣሁ።

ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ያዛት። ደጋግመን ስንጫወት አንድ ቀን ቆጥራ ደምራ «ስድስት» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ በእጄ ያስቀመጥሁት ስድስት ነው። በኩራት ክዳኑን ስከፍት ሦስት ፍሬ ብቻ ተገኘ። ቀና ብዬ አየኋት፤ ጉንጯ ይንቀሳቀሳል።

«ያልታወቀው የት ሄደ?» አልሁ።

«በላሁት» አለች። «ካወቅሁት በኋላ ነው የበላሁት።»

አንድ ነገር ብቻ አልገባ አላት። በአንዱ ሰፌድ ላይ ያሉትን ትርፍ ፍሬዎች ስታነሣ ከሌላውም እኩል ማንሣት እንዳለባት አስተማርኋት። «ለምን?» አለች። እኩልነቱ እንዳይበላሽ። «ቢበላሽ ምን ይሆናል?»  አስተማሪያችን ሕጉ ነው ይለን ነበር እንጂ ቢበላሽ ምን እንደሚሆን ነግሮን አያውቅም። መልሱን የሰጠችን ታንኳ ናት።

ግቢያችን ቁልቁል ወርዶ ውኃው ላይ ያበቃል። አያ እንድሪስ የሚባሉ ታንኳ ሠሪ ጎረቤታችን ከደሴቶቹ እንጨት ጭነው በዚያ በኩል ያመጡልን ነበር። የደንገል ታንኳ ቀላል ነገር ናት፤ እንጨቱ በግራና በቀኝ እኩል ተደልድሎ ነው የሚጫነው፣ ሲራገፍም እንዲሁ። አንድ ቀን እኔ ታንኳዋ ላይ ቆሜ፣ አትጠገብ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብታ ልናራግፍ ጀመርን። አያ እንድሪስ «አንድ ከወዲህ፣ አንድ ከወዲያ፤ ዋ ልጆች» ብለው የመጨረሻውን ቋጠሮ ፈቱልን። እኔ ግን ታንኳ ላይም ሆኜ ስለ ሙዳይ ማብራራቴን አልተውሁም ነበር። አትጠገብ ከግራ በኩል አንድ እስር አነሣች። እኔ እጄን እያወራጨሁ አወራለሁ። ሌላ እስር አነሣች። እኔ አሁንም አወራለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቡናማውን የጣናን ውኃና አፍንጫዬ ውስጥ የገባውን ጭቃ ነው። ጉማሬ አለ ብዬ እንዴት እንደወጣሁ እኔ አላውቅም፤ ደበሎዬ ውኃ ጠጥቶ አንድ ሙሉ በግ አክሏል። አያ እንድሪስ ከሣቅ የተነሣ ደንገሉን ይዘው ቁጭ አሉ።

አትጠገብ አልሣቀችም። እንጨቱን እንዳቀፈች የተገለበጠችውን ታንኳ ታያለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ከወዲህ ያነሣሁትን ያህል ከወዲያ ስላላነሣህ ነው።»

«አዎ» አልሁ፣ ጭቃ እየተፋሁ።

«ገባኝ» አለች። ያቺን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደበሎው እስኪደርቅ ሦስት ቀን ገማ፤ እኔ ግን ቅር አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ማን ይቻላት። ጾሙ እየገፋ፣ ፀሐዩ እየበረታ፣ እኛም ስልጆ በእንጀራ፣ ሱፍ ፍትፍት በቅል እየበላን ዋንዛው ሥር እንውላለን። የኔታ ቀን ቀን ደብሩ ጉባኤ ላይ ስለሚውሉ አያዩንም። ሰፌዱንና ሽምብራውን ትተን ክዳኑ ላይ መጻፍ ጀመርን። ሀን ግን በጄ አላለችም። «ሀ አንድ ናት አልሁህ። ሙዳይ ልሣል» አለችና ባልታወቀው ቁጥር ፈንታ ክብ መሣል ያዘች። ሁለት ክብና ሦስት፣ እኩል ይሆናል አሥራ አንድ። ሦስት ክብ ሲቀነስ አራት፣ እኩል ይሆናል አምስት። ክዳኑ በክብና በቁጥር ተሞላ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ክብ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ አያ እንድሪስ ዓሣ የሚያጠምዱበትን መረብ በትከሻቸው ይዘው ሲያልፉ ቆም ብለው ክዳኑን አዩ። ክብ፣ በዙሪያው ቁጥር፤ እኔ ደግሞ በደበሎ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የማን ስም ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም፤ ያልታወቀ ነገር ነው የምንፈልገው» አልኋቸው።

«ያልታወቀውን ነው እንጂ የታወቀውንማ ማን ያስቆጥራል» አሉና ተቀመጡ። «እኔም መረቤ ጠፍቶብኛል።»

እኔ አፌን ሳልከፍት አትጠገብ «ስንት ነበረዎት?» አለች። አምስት አሉ። አሁን ስንት አለዎት አለች። ሦስት አሉ። ክብ ሣለች፣ ሦስት ጨመረችበት፣ አምስት ጻፈች፣ ከሁለቱም ወገን ሦስት አነሣች፤ «እንግዲያው የጠፋዎት ሁለት መረብ ነው» አለቻቸው። አያ እንድሪስ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዩዋት። ሁለት መጥፋቱን ለማንም አልነገሩም ነበር ለካ። ብድግ ብለው ሄዱ፤ አካሄዳቸው ግን ወሬ የያዘ ሰው አካሄድ ነበር።

በማግሥቱ ጓሯችን በሴቶች ተሞላ። አንዷ ጊደር ጠፍቶባታል። አንዷ ለልጇ ያጨቻት ልጅ ኮከቧ ይገጥም እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። አንዷማ የሁዳዴ ጾም መሆኑን እንኳ ረስታ፣ ለቆጣሪው ይሰጣል ያሉትን ቀይ ዶሮ እግሩን አስራ ይዛ መጥታለች። እኔ አይደለም፣ ሒሳብ ነው፣ ትምህርት ነው እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አትጠገብ ግን በደስታ ሰክራ «ጊደሯ ከመጥፋቷ በፊት ስንት ከብት ነበረሽ?» እያለች ትጠይቃለች። ዶሮው ይጮኻል። ልክ በዚህ ሰዓት የጓሮው አጥር በር ተከፍቶ የኔታ ገቡ።

አልጮኹም። ጮኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ በአጥሩ ሽንቁር ሳይቀር ወጡ። ዶሮው ብቻ ታስሮ ቀረ። ከዚያ ወደ ክዳኑ ተጠግተው ክቡንና ቁጥሩን ተመለከቱ።

«በእኔ ግቢ ኮከብ ይቆጠር ጀመር» አሉ። ድምፃቸው ደክሞት ነበር። «ይህን ነገር ውኃ ውስጥ ጣለው። ልጅቱም ከትንሣኤ በኋላ ይፋግ ትሄዳለች። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ እላቸዋለሁ። በቃ።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ክዳኑን ለማንሣት ጎንበስ አልሁ። ለልጅቷ ልሠራላት የሄድሁት መልካም ነገር የዕድሏን በር ሲዘጋባት በዓይኔ እያየሁ ነው።

«አባባ» አለች አትጠገብ። «ኮከብ አይደለም። ሙዳይ ነው።»

«የምን ሙዳይ?»

«የማናውቀውን ቁጥር እዚህ ውስጥ እናስቀምጠዋለን።»

«የማታውቁትን እንዴት አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ?»

«ጋሼ ያስቀምጠዋል። እኔ እፈልገዋለሁ። አንዳንድ ጊዜም እበላዋለሁ።»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እየተንተባተብሁ የሰፌዱንና የሽምብራውን ነገር ነገርኋቸው።  ከዚያ የዋንዛው ሥር ላይ ተቀመጡና ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«እንግዲህ ዛሬ እኔ ላስቀምጥ» አሉ። «አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?»

«ሠላሳ» አለች። የተማሪዎቹን ዜማ ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትሰማ ያደገች ናት።

«መጥቅዕ የአበቅቴ አራት እጥፍ የሚሆንበት ዓመት አለ። አበቅቴው ስንት ነው?»

ኖራውን አነሣች። አንድ ክብ ሣለች፤ ይህ አበቅቴ ነው አለች። ከጎኑ አራት ክብ ደረደረች፤ ይህ መጥቅዕ። ከዚያ ሠላሳ ጻፈች። «አምስቱ ሙዳዮች ሠላሳ ሽምብራ ይዘዋል። እያንዳንዱ ስድስት ነው። አበቅቴ ስድስት፣ መጥቅዕ ሃያ አራት።»

አያቴ ፊታቸውን አልለወጡም። «እኩል የሚሆኑበትስ?» አሉ። ሁለት ክብ ሣለችና «አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን አልተነሡም። ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«መጥቅዕ ከአበቅቴ በአንድ ብቻ የሚበልጥበት ዓመትስ?» አሉ።

ወጥመዱን ወዲያው አየሁት። ልናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ገሠጹኝ። አትጠገብ ሁለት ክብና አንድ ነጥብ ሣለች፤ ሠላሳ ጻፈች፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አነሣች። ሁለት ሙዳይ፣ ሃያ ዘጠኝ ሽምብራ። እዚያ ላይ ቆመች። አጠፋች፤ እንደገና ሣለች፤ እንደገና ሃያ ዘጠኝ። ኖራ የነካ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዶሮው እንኳ ዝም ብሎ ነበር። የእናቴን ትንፋሽ ከበሩ ድረስ እሰማለሁ። ልጅቷ ለማልቀስ የቀረበች መሰለኝ።

«አባባ» አለች።

«እህ?»

«ሽምብራዋን ክክ ላደርጋት ነው።»

«ታዲያስ?»

«ዓመት ክክ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው እንዲህ ያለ ዓመት የለም። የጠየቁኝ የሌለ ነገር ነው።» ይህን ብላ፣ ልማዷ ነውና፣ ጨመረችበት፦ «ለምን ጠየቁኝ?»

የኔታ ሳቁ። እሳቸው ሲሥቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ አይወጣቸውም፤ በዚያን ቀን ግን ድምፅ አወጡ። ዕንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ለእናቴ እንዲህ አሏት፦ «ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ እሰጣለሁ። ብዙዎቹ ለየኔታ የለም ማለት ነውር መስሏቸው፣ ለእኔ ክብር ሲሉ አንድ ዓመት ፈጥረው ያመጡልኛል። ይህች ልጅ ፊት ለፊት የለም አለችኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የፈረንጅ ትምህርት ነው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እነሱ ያልታወቀውን ማን ይሉታል?»

«ኢክስ ይሉታል።»

«ኢክስ» አሉ፤ ቃሉን እንደ አዲስ እህል አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። «ደግ ነው። ክዳኑን አትጣለው፤ ነገ እኔ እጽፍበታለሁ። ለይፋጎች ላኩባቸው፤ ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት በሏቸው።» እናቴ ለመሳም እግራቸው ላይ ስትወድቅ «ተነሺ፣ ዶሮውን ለባለቤቱ መልሺ» ነበር መልሳቸው።

መልእክቱን ይዘው ይፋግ የሄዱት አያ እንድሪስ ናቸው። የተላኩት ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት እንዲሉ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ያዩትን ሁሉ አክለውበት፣ ልጅቷ ክብ ከሣለች የተሰወረ የሚባል ነገር እንደማይቀር፣ የመረባቸውን ነገርም እንዳወጣችው አወሩላቸው። ይፋጎች ደንግጠው ልጁን በዚያው ሳምንት ለሌላ አጩት። አማቷ ጓዳ የደበቀችውን ሁሉ የምታውቅ ምራት ማን ትፈልጋለች? የኔታ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ያስተባብሉ ዘንድ ሌላ ሰው ሊልኩም ተነሡ። እናቴ ናት «ተዉት አባቴ፣ ይቅር» ብላ ያስቀረቻቸው።

አትጠገብ ከዚያ በኋላ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጣ ባሕረ ሐሳቡን ተማረች። «ለምን» ማለቷን አልተወችም፤ እሳቸው ግን መልስ መፈለግ ጀመሩ። ጣልያን ወጣ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሁለታችንም አስተማሪ ሆንን፤ እሷም ያገባችው ራሷ የወደደችውን፣ በራሷ ጊዜ ነው።

የኔታ የጠየቋት ያቺ ዓመት፣ አበቅቴ ስድስት መጥቅዕ ሃያ አራት የሚሆንባት፣ በየአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዞራ ትመጣለች። ጣልያን በወጣ ሰሞን የመጀመሪያዋ ስትመጣ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት አዋጁን ያሰሙት አያቴ ራሳቸው ነበሩ። «አበቅቴ ስድስት» አሉና ቆሙ። ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ አልነበረም። ቀና ብለው ወደ ሴቶቹ ወገን ተመለከቱ፤ ሕዝቡ ሁሉ ምን ሆኑ ብሎ ጠበቀ። ያን ጊዜ ነው አትጠገብ ከዚያ መካከል «መጥቅዕ ሃያ አራት» ያለችው። ሰው አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን ቃሉን ከእሷ ተቀብለው ደግመው ተናገሩና አዋጁን ቀጠሉ።

የዘንድሮው መሪጌታ ይህን ከየት ያውቃሉ። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ለእሷ የቆሙላት መሰላት፤ ወይም እንዲመስላት ፈለገች።

ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያው ሲያባራ፣ ወደ ቤቷ ሄድሁ። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ፣ ብስክሌተኞች ጭቃውን እየረጩ ሲያልፉ ታያለች። ሽምብራ ቆሎ አቀረበችልኝ፤ ጥርሴ እንደማይችለው እያወቀች ነው። ያቀረበችበት ዕቃ የእናቴ ሙዳይ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ክዳኑ ግን አሁንም ልክክ ብሎ ይገጥማል።

«ዛሬ አሣቅሻቸው» አልኋት።

«ይሣቁ። አባባ አደራ ሰጥተውኛል።»

እኔም፣ ሽማግሌ አይደለሁ፣ ሆዴ ባባ። «በሚቀጥለው ስትመጣ አንኖርም» አልኋት። «ስንት ዓመት ይሆን የቀረን?»

አትጠገብ ክዳኑን ከፈተች፣ እፍኝ ሽምብራ ዘገነች፣ መልሳ ከደነችው። እንደ ልጅነቷ ጉንጯን ሞልታ እያኘከች ሙዳዩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«እሱ እዚያ ውስጥ ነው» አለችኝ። «ማንቀጭቀጭ ክልክል ነው። ብላ።»